ዓሣ ነባሪ በሐምሌ

በ2078 ዓ.ም. ሐምሌ አሥራ አንድ ቀን ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ሙቀቱ አርባ አራት ዲግሪ በደረሰበት ራስ ሚሊሕ በተባለው የሶማሌ ባሕር ዳርቻ፣ ሁለት መቶ አሥር ጎልማሶች የሱፍ ካፖርት ለብሰው፣ ጓንት አጥልቀው፣ ሻርፕ እስከ አገጫቸው ጠምጥመው ፊታቸውን ወደ ባሕሩ አዙረው ቆመው ነበር። አላበዱም። ሠልጣኞች ናቸው።

ከሁለት መቶ አሥሩ አንዷ ከደብረ ብርሃን የመጣችው የጂኦግራፊ መምህርት ዘመናይ አበጋዝ ናት። ዕድሜዋ ሃምሳ ሁለት ነው። ሰው ትንቃለች፤ ይህን ራሷም አትደብቀውም። ርእሰ መምህሩን የምትንቀው ካርታ ገልብጦ ስለሰቀለ ነው። ጎረቤቷን የምትንቀው ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ ስትጠየቅ «ከውጭ» ብላ ስለመለሰች ነው። በዚያ ጠዋት ደግሞ ግራና ቀኟ የቆሙትን በጅምላ ስትንቅ ነበር። ላቡ ከጆሯቸው ሥር እየተንቆረቆረ አንድም «ኧረ ሞቀኝ» የሚል ሰው ጠፋ። እሷም አላለችም። የሷ ዝምታ ግን ከነሱ ዝምታ የተለየ እንደሆነ እርግጠኛ ነበረች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰዉ ቀና ብሎ ማየት ትቷል የሚል ጥናት ከወጣ ዓመታት አልፈዋል። ጥናት በወጣበት አገር ሥልጠና መውጣቱ አይቀርም፤ ሥልጠና ካለ ደግሞ አበል አለ፣ ባነር አለ፣ የመክፈቻ ንግግር አለ፣ የሻይ ዕረፍትና የቡድን ፎቶ አለ። የተፈጥሮ አድናቆት ባለሥልጣን የተቋቋመው በዚህ መልክ ነው። ማንኛውም ሠራተኛ የሥራ ፈቃዱን ሲያድስ፣ አንድ ትልቅ ነገር በዓይኑ አይቶ ስለመደነቁ የምስክር ወረቀት ማቅረብ ግዴታው ሆነ። ትልቅ ነገር ተብሎ የተመረጠው ዓሣ ነባሪ ነው። ዝሆን አልቋል።

መምህራን በዚህ ግዴታ ውስጥ የተካተቱት በ2078 ነው። በዚያ ዓመት በደብረ ብርሃን በሰው የሚማር ክፍል ሦስት ብቻ ቀርቶ ነበር፤ ሌላው ሁሉ የሚማረው ራሱ በሚያስተምር የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ ነው። ሰሌዳው አይታመምም፣ አይቆጣም፣ አያረፍድም፣ የተጫነለትን ይናገራል። ከሦስቱ አንዱን ክፍል፣ ሠላሳ ስምንት ልጆችን የያዘችው ዘመናይ ናት። ፈቃዷ መስከረም ላይ ካልታደሰ ልጆቹ ለሰሌዳው ይሰጣሉ። የምትንቀው ዓለም ውስጥ የማትንቀው ነገር ቢኖር እነዚያ ልጆች ናቸው። ለነሱ የማታውቀውን «አላውቅም» ትላለች፤ ያላየችውን አገር «አላየሁትም» ትላለች። በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንድም ጊዜ አልዋሸቻቸውም፤ የምትኮራበት ነገር ይኸው ብቻ ነው።

ካፖርቱን ያመጣው መጽሐፍ ነው። «ዓሣ ነባሪን በክረምት ከባሕር ዳር ለመመልከት የሚረዱ ምክሮች» ይላል ሽፋኑ። ማን እንደጻፈው የሚያውቅ የለም፤ ከቀዝቃዛ አገር መሆኑ ግን ያስታውቃል። ምክር ቁጥር አንድ፦ ደራርባችሁ ልበሱ። ቁጥር ሁለት፦ ከፍ ያለ ቦታ ምረጡ። ቁጥር ሦስት፦ ትኩስ ነገር በፔርሙዝ ያዙ። ቁጥር አራት፦ ዓይናችሁን አንድ ቦታ አትትከሉ፤ ከግራ ወደ ቀኝ በቀስታ አንቀሳቅሱት። እንዲህ እያለ ይቀጥላል። መጀመሪያ ምክር ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ መመሪያ ሆነ፣ ከዚያ ደንብ። አሁን የካፖርቱ ቁልፍ ሲፈታ ለባለሥልጣኑ ይናገራል፤ የሚናገረውም ስምና ሰዓት ጠርቶ ነው። ምክር ቁጥር ዘጠኝ «ብርዱ ሲበረታ እርስ በርስ ተጠጋጉ» ስለሚል በየሰዓቱ ፊሽካ ይነፋል። ፊሽካው ሲነፋ ሁለት መቶ አሥሩም ሰው በዚያ እሳት ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ይጣበቃል።

ፊሽካው ተነፍቶ ሲጠጋጉ ከዘመናይ ጋር የሚጣበቀው ልባርጋቸው የሚባል የመንገድ ሥራ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበር። ስልሳ ሊሞላው ነው። መሥሪያ ቤቱ ክረምት በመጣ ቁጥር የሚልከው እሱን ነው፤ ሌላው ሰው ይሸሻል፣ እሱ አበሉን ይወዳል።

«መምህርት፣ እንዲህ አትፍጠጪ» አላት። «ዓይንሽን አንቀሳቅሺው። ቁጥር አራት።»

«ለመሆኑ አይተው ያውቃሉ?»

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው! ስድስት ጊዜ መጥቼ ስድስት ጊዜ አይቻለሁ። አምና ያየሁትማ የኛን ቡልዶዘር ያክላል። ጭራውን አነሳና... እንዴት ልንገርሽ!»

ዘመናይ ፊቱን አተኩራ አየችው። የሚያፍር መስሏት ነበር። ሰውዬው ጭራሽ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ባሕሩን በፍቅር ይመለከታል። ውሸቱን ስድስት ጊዜ ከማውራቱ የተነሳ የልጅነት ትዝታው አድርጎታል። ከሁሉ አብልጣ የናቀችው ያን ጊዜ እሱን ነው።

በሻይ ዕረፍት ላይ፣ የሚፋጅ ዝንጅብል በፔርሙዝ ክዳን ይዛ፣ የመጽሐፉን ሽፋን ለሁለተኛ ጊዜ አነበበችው። «በክረምት» የሚለው ቃል ላይ ዓይኗ ቆመ። ከዚያ ሳቀች። እንዲህ ዓይነት ጥርስ የማያስከድን ሳቅ ከሳቀች ቆይታ ነበር።

የፈረንጅ ብርዳማ ወቅት በአማርኛ «ክረምት» ይባላል፤ መዝገበ ቃላቱ ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነው። ችግሩ የፈረንጁ ክረምት በታኅሣሥና በጥር ሲውል የኛው በሐምሌና በነሐሴ መዋሉ ነው። ዘመናይ ይህን ልዩነት በየዓመቱ ለሰባተኛ ክፍል ታስተምራለች፤ በየዓመቱም ግማሹ ክፍል ይሳሳታል። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ቢሳሳት አይፈረድበትም። እዚህ ግን አንድ ሙሉ ባለሥልጣን፣ ከነምክትሎቹና ከነአማካሪዎቹ፣ አንድ ቃል ሳይመረምር አገር ምድሩን ካፖርት አልብሶ ዓሣ ነባሪ በሌለበት ወር ባሕር ዳር አቁሞታል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ!

አስተባባሪው እዮአብ የሚባል ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለ ጨዋ ሰው ነው። ከድንኳኑ ሥር በካፖርቱ ላይ ማራገቢያ ይዞ ተቀምጦ አገኘችው።

«እዮአብ፣ ይህን መጽሐፍ ማን ነው የተረጎመው?»

«የትርጉም መሣሪያው ነዋ፣ መምህርት።»

«ማን አረመው?»

«መሣሪያው የተረጎመውን ምን ብለን እናርመዋለን?»

አስረዳችው። ተማሪ ፊት እንደቆመች ሁሉ መሬትን በፀሐይ ዙሪያ አዞረችለት። እዮአብ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት አዳመጠና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እናውቃለን» አለ።

«ምኑን?»

«በሁለተኛው ዓመት ነው የታወቀው። ግን እስከዚያ ድረስ አርባ ሺህ ሰው አይቻለሁ ብሎ ፈርሞ ነበር። መምህርት፣ አርባ ሺህ ሰው ውሸታም ነው ብዬ ደብዳቤ ልጻፍ? ከነሱ ውስጥ ዳኞች አሉ። ሐኪሞች አሉ። እናቴ አለች። እናቴ ሦስት ነው ያየሁት ነው የምትለው።»

«ታዲያ ዝም ማለት ነው?»

«እርስዎን ዝም ይበሉ አላልኩም። ነገ ቅጹን ሲሞሉ ‘አየሁ’ የሚል አለ፣ ‘አላየሁም’ የሚል አለ። ‘አላየሁም’ የሚለውን እስካሁን የነካው የለም። ቢነኩት ምን እንደሚመጣ እኔም አላውቅም። ፈቃድዎ ግን መስከረም ላይ መሆኑን አይቻለሁ።»

ይህን ሲል አልዛተባትም። እንዲያውም አዘነላት። ዘመናይን ያንገበገባት ማዘኑ ነው።

ከሰዓት በኋላ ራሷን ሲያዞራት ውኃ ልትጠጣ ወደ ታንከሩ ወረደች። የአካባቢው ሰው በዚህ ወር ከዳርቻው የለም፤ ፍየሉንና ልጁን ይዞ ወደ ተራራው ይወጣል። ለሠልጣኞቹ ውኃ እንድትጠብቅ ተቀጥራ የቀረችው ሆዳን የምትባል አንዲት ሴት ብቻ ናት። ስስ የድርያ ቀሚስ ለብሳ ጥላ ሥር ተቀምጣለች። ዘመናይን ከእግር እስከ ራሷ አየቻትና ብድግ አለች።

«ኤዶ፣ ነይ ተቀመጪ» አለቻት። እዚያ አገር ታላቅ ሴትን በአክብሮት ሲጠሩ እንዲህ ነው፤ የአባቴ እህት እንደ ማለት ነው። «ቁልፉን አትንኪው። እጅሽን ብቻ ከእጅጌው ውስጥ አውጪው። እንዲህ። አሁን ከላይ እንደ ሻሽ ጣይው። ተዘግቷል፣ አልለበስሽውም። ቁልፉ ምንም አይልም።»

ነፋስ ገላዋን ሲነካት ዘመናይ ልታለቅስ ምንም አልቀራት። ውኃውን በሁለት ትንፋሽ ጨረሰችው።

«በዚህ ወር ዓሣ ነባሪ የለም አይደል?» አለች።

ሆዳን ጮክ ብላ ሳቀች። «አሥራ አንድ ዓመት ውኃ ቀዳሁላችሁ፤ አንድ ሰው አልጠየቀኝም። ኤዶ፣ ይህ ሐጋ ነው፣ የሐሩሩ ወቅት። በሐጋ ውሻም እዚህ አይቀርም። እነሱ የሚመጡት በጂላል ነው። በናንተ ጥር መሆኑ ነው።»

«ብዙ ናቸው?»

«እንደ ዓመቱ ነው። አንዷ ግን አትቀርም። ከልጇ ጋር ከዚያ ቋጥኝ ሥር ትገባለች፤ ቋጥኙ ላይ ከቆመ ሰው የምትርቀው ከዚህ ጥላ እስከ ታንከሩ ድረስ ቢሆን ነው። ስትተነፍስ ጭጋጉ ፊትሽን ያረጥበዋል። ይሸታል ደግሞ። የከረመ ጎመን፣ የበሰበሰ።» አፍንጫዋን ይዛ እንደገና ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ተወች። «በጥር ሥልጠና ስለሌለ ዳርቻው ዝግ ነው። ጀልባ አይፈቀድም፣ ሰው አይመጣም። ለዚህ ነው የሚመጡት። ኤዶ፣ ለነዚያ አትንገሪያቸው።»

ዘመናይ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። ራስ መነቅነቅ ቃል መስጠት አይደለም ብላ በኋላ ተከራክራለች። የተከራከረችው ከራሷ ጋር ነው።

በማግስቱ ከቡድን ፎቶው በፊት ቅጹ በየሰዉ የእጅ ስልክ ላይ መጣ። «አየሁ» ወይስ «አላየሁም»? ግራና ቀኟ ጣቶች ያለ ምንም ማመንታት ወረዱ፤ ልክ ዝንብ እንደሚገድል ሰው። አንዱ አምስት አየሁ ብሎ ሲጽፍ ሌላው አጮልቆ አየና ስድስት ብሎ ጻፈ። ልባርጋቸው ዓይኑን ጨፍኖ አስቦ፣ የዘንድሮው ትንሽ ከሳ ያለ ነው ሲል ሞላ።

«ምን ትጠብቂያለሽ?» አላት።

«አላየሁማ።»

«መምህርት፣ ልጆች አሉሽ አይደል? ለልጆችሽ ስትዪ አንዴ ንኪውና ይለፍልሽ።»

«ለልጆቼ ስል ነው የማልነካው» አለች። ድምፏ ከሚገባው በላይ ከፍ አለ።

«አላየሁም» የሚለውን ነካች። ባዶ ገጽ ተከፈተላት፤ ምክንያት ይጠይቃል። ጻፈች። የቃሉን ስህተት ጻፈች፣ የፈረንጁን ወርና የኛን ወር አነጻጽራ ጻፈች፣ ትክክለኛው ወር ጥር መሆኑን ጻፈች። የጻፈችው ሁሉ እውነት ነው። የጻፈችው ግን ለእውነት ብላ ብቻ አልነበረም፤ ሁለት መቶ ዘጠኙን ሰው በአንድ ገጽ ለማዋረድ ጭምር ነው፤ ሲጻፍም ጣፍጧታል። መጨረሻ ላይ ጥቂት አሰበች። ጥሩ መምህር ማስረጃውን ከየት እንዳገኘ ይጠቅሳል። «የአካባቢው ነዋሪ የሆነችው ሆዳን በቃል እንዳረጋገጠችልኝ» ብላ ጨመረች፣ ቋጥኙንም ጠቀሰች። ከዚያ ለቡድን ፎቶው ሄዳ ከባነሩ ኋላ ቆመች።

መስከረም ላይ ፈቃዷ፣ የጻፈችው ምክንያት እስኪመረመር፣ ለአምስት ወር በጊዜያዊነት ታደሰ። ኅዳር ላይ ደብዳቤ መጣ። ዘመናይ የጠበቀችው ተግሣጽ ነበር፤ እንዲያውም ለተግሣጹ የምትሰጠውን መልስ ልብሷን ስታጥብ በቃሏ አጥንታው ነበር። ደብዳቤው ግን ምስጋና ነው። አስተያየትዎ ተቀባይነት አግኝቷል ይላል። የሐምሌው ሥልጠና፣ ባለፉት ዓመታት የተገኘውን አመርቂ ውጤት ላለማጣት፣ እንዳለ ይቀጥላል። ከዚህ በተጨማሪ ከዘንድሮ ጀምሮ በጥር ወር ለአራት ሺህ ሰው የሚሰጥ ሥልጠና ተከፍቷል። መምህርት ዘመናይ አበጋዝ የክብር ታዛቢ ሆነው ይገኛሉ፤ ፈቃድዎም ከዚያ የሚያቀርቡት ምልከታ እንደታየ ይጸናል።

ደብዳቤውን ለመምህራኑ አነበበችላቸው። ካርታውን የገለበጠው ርእሰ መምህርም አጨበጨበላት። በሕይወቷ እንዲህ ትክክል ሆና አታውቅም።

ጥር ሃያ ቀን ራስ ሚሊሕ ደረሰች። አየሩ ለስላሳ ነው፣ ባሕሩ የተወለወለ ይመስላል። ጥር በጋ ስለሆነ ካፖርት ቀርቶ ለያንዳንዱ ሰው ቀይ ጃንጥላ ታድሏል፤ አራት ሺህ ቀይ ጃንጥላ። ሠላሳ ጀልባዎች ከዳርቻው ወዲያ ወዲህ ይላሉ፤ እያንዳንዳቸው ላይ ድምፅ ማጉያ ተሰቅሎ «እንኳን ደህና መጣችሁ» ይላል። የመክፈቻ ንግግሩ ሁለት ሰዓት ፈጀ። ከዚያ የሙዚቃ ጓድ ተሰለፈ። ቋጥኙ ላይ የብረት መድረክ ተሠርቷል፤ ቁፋሮው ከታኅሣሥ አጋማሽ ጀምሮ ሳይቋረጥ መሰንበቱን የነገራት ልባርጋቸው ነው። እሱም መጥቷል። ሁለተኛ አበል ተገኘ ብሎ ደስታውን አልቻለውም፤ «አንቺ ባትኖሪ እኮ!» እያለ እጇን ሁለት ጊዜ ጨበጣት።

ሁለት ቀን ሙሉ ባሕሩ ላይ ጀልባ እንጂ ሌላ ነገር አልታየም። በሦስተኛው ቀን ዘመናይ ወደ ታንከሩ ወረደች።

ሆዳን እዚያው ነበረች። ድርያዋ ላይ የብርቱካን ቀለም ያለው ሰደርያ ለብሳለች፤ ጀርባው ላይ «የአካባቢ መረጃ ሰጪ ሆዳን» ተብሎ በትልቁ ተጽፏል። ስሟን ባለሥልጣኑ ከየት እንዳገኘው መጠየቅ አያስፈልግም። ዘመናይ ስትቀርብ ተነስታ ቆመች።

«መምህርት፣ ውኃ ይፈልጋሉ?» አለቻት።

ዘመናይ «ኤዶ» የሚለውን ጠበቀች። አልመጣም።

«ዓሣ ነባሪዎቹ አልመጡም እንዴ?» አለች።

«ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ጀልባዎቹን ሲሞክሩ እናትየዋ መጥታ ነበር። ልጅ ይዛለች። እስከዚያ ድረስ ቀረበችና ቆመች። ከዚያ ዞረች።» ሆዳን ውኃውን በሁለት እጇ አቀበለቻት። «ሌላ የሚፈልጉት አለ?»

«ሆዳን፣ እኔ እኮ እውነቱን...»

«አዎ፣ መምህርት» አለች ሆዳን፣ በጨዋ ድምፅ። «ብርጭቆውን ሲጨርሱ እዚያ ያስቀምጡት።»

ዘመናይ ውኃውን ጠጥታ ጨረሰች። ብርጭቆውን የተባለችው ቦታ አስቀምጣ ወደ ሠልጣኞቹ ተመለሰች።

ቅጹ የሚሞላው በዚያው ማታ ስለነበር እዮአብ በቀን መጥቶ አገኛት። እንደ በፊቱ ጨዋ ነው።

«መምህርት፣ አራት ሺው ሰው ይሞላል፤ በሱ አልሰጋም። የሚጠበቀው የእርስዎ ነው። ወሩን ያረሙት እርስዎ ነዎት።»

«አላየሁም፣ እዮአብ። ማንም አላየም። ያባረርናቸው እኛ ነን!»

«እንግዲህ እንመልከተው» አለና ጎኗ ተቀመጠ። «እርስዎ በጥር ካላዩ ጥር ስህተት ነው ማለት ነው። ጥር ስህተት ከሆነ ሐምሌ ትክክል ነበር። ሐምሌ ትክክል ከነበረ ደግሞ፣ ሁለት መቶ ዘጠኝ ሰው ያየውን እርስዎ ብቻ ‘አላየሁም’ ያሉት ለምንድን ነው ይባላል። የዓይን ምርመራ ያዝዛሉ። ምርመራው እስከ ሰኔ ወረፋ አለው። እስከዚያ ክፍሉን ሰሌዳው ይይዘዋል፤ ሰሌዳው የያዘውን ክፍል ሲለቅ ደግሞ እስካሁን አላየሁም።»

«ስለዚህ?»

«እኔ ምንም አላልኩም» አለ እዮአብ። ይህ ሰው ሁልጊዜ ምንም አላለም።

ዘመናይ ባሕሩን አየችው። ሠላሳ ስምንቱ ልጆች በስም በስማቸው መጡባት። ደግሞም አሰበች፦ ብዋሽ ነው የሚበጀው፣ ታይተዋል ከተባለ ማንም አይፈልጋቸውም፣ ሰዉም ሥልጠናውም በዚሁ ይረካል፣ እንስሶቹም ሌላ ባሕር ሄደው ያርፋሉ። ለመዋሸት እንዲህ ያለ የተከበረ ምክንያት ሲገኝ ደስ ይላል። እሷ ግን ቂል አይደለችም፤ ሌላው ሰው እንዲህ ያለ ምክንያት ሲያቀርብ ብትሰማ ምን ትለው እንደነበር ታውቃለች። ማታ ቅጹ ሲመጣ፣ እያወቀች ጣቷን አወረደች።

«አየሁ።»

ስንት? ይላል ቅጹ። ሁለት ብላ ጻፈች፤ እናትና ልጅ። ያዩትን ይግለጹ ይላል። ሌላው ሰው ስለ ጭራና ስለ ቡልዶዘር ሲጽፍ፣ እሷ ከቋጥኙ ሥር ስለሚወጣ ጭጋግ ጻፈች፣ ፊት ስለሚያረጥብ፣ የበሰበሰ ጎመን ስለሚሸት። በዚያ ዓመት ከቀረቡት ምልከታዎች ሁሉ አንደኛ የወጣው የሷ ነው። እንዲህ ያለ ዝርዝር ያላየ ሰው ሊጽፈው አይችልም ተብሎ ተመሰከረላት። ፈቃዷ ለአሥር ዓመት ጸና።

የካቲት ሁለት ቀን ጠዋት ክፍሏ ገባች። ሠላሳ ስምንቱም ብድግ አሉ። ዜናው ቀድሟት ደርሷል፤ ጥቁር ሰሌዳው ላይ በቀለም ጠመኔ ዓሣ ነባሪ ስለውላታል፤ ፈገግ ያለ፣ ቅንድብ ያለው።

«ቲቸር፣ አዩት?» አሉ ባንድ ድምፅ።

«ተቀመጡ። ደብተር አውጡ» አለች። ከዚያ፣ ሁሉም እስኪያወጣ ጠብቃ፣ «አዎ፣ አይቻለሁ» አለች። ከጠበቀችው በላይ ቀላል ነበር።

መስኮት አጠገብ ከተቀመጡት አንዷ አርሴማ እጇን አወጣች። እናቷ ነርስ ናት፤ ከአራት ሺው ሠልጣኞች አንዷ ሆና በጥር ራስ ሚሊሕ ነበረች። አርሴማ ክፍሉ ውስጥ ካሉት ሁሉ የማይገባትን ነገር ሳትጠይቅ የማትቀር፣ ዘመናይ እንደዚህች ያለ አሥር ቢኖረኝ የምትልላት ልጅ ናት።

«ቲቸር፣ እናቴ ግን ለኔ ብቻ ስትነግረኝ ምንም አልነበረም ነው ያለችኝ። ጀልባ ብቻ ነው ያየነው አለችኝ።»

ሠላሳ ሰባቱ ወደ አርሴማ፣ ከአርሴማ ደግሞ ወደ ዘመናይ ዞሩ። ልጅቷ የምትጠብቀው ሌላ ነገር አይደለም፤ መምህርቷ እንደ ሁልጊዜው ነገሩን መርምራ የቱ እውነት እንደሆነ እንድትነግራት ነው።

«እናትሽ ማየት አትችልበትም ይሆናል» አለች ዘመናይ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አርሴማ እስከ ጆሮዋ ድረስ ቀላች። አንገቷን ደፍታ እስክሪብቶዋን አነሳች፤ ዘመናይም ከፊት ቆማ ምልከታዋን ቃል በቃል ማጻፍ ጀመረች።